ሰዓቱን ተዉት፤ ደወሉን አንሱት

ፈረንጆች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያስዋሹታል። መጋቢት አካባቢ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉታል፤ ጥቅምት ሲያልቅ መልሰው ወደኋላ ይጎትቱታል። ቆቦ ላይ ይህን ለውጥ የሚያበስረን ሬዲዮም መንግሥትም አይደለም። ኳስ ነው። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ይጀምር የነበረው የእንግሊዝ ጨዋታ በአንድ ሳምንት ውስጥ 12 ሰዓት ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የነበረው ሻምፒዮንስ ሊግ 5 ሰዓት ይገባና በማግስቱ ሥራ ያለበትን ሁሉ እንቅልፍ ይነሳዋል። የኳስ ማሳያ ቤቱ ልጅ በጠመኔ የጻፈውን አጥፍቶ አዲሱን ሰዓት ይጽፋል። አለቀ።

ሁለተኛው አብሳሪ ስልክ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በእነሱ በጋ ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በክረምታቸው 8 ይሆናል። ለንደን ያለው ደግሞ 2 የነበረው 3 ይሆናል። "ምነው ልጄ ዛሬ ዘገየ?" እያለች ስልኳን አቅፋ ለምትጠብቅ እናት ጥፋቱ የልጇ ሳይሆን የአገሩ ሰዓት እንደሆነ ማን ይንገራት? ደግነቱ (ስደትን ደግነት ማለት ከተቻለ) ከራያ ቆቦ የወጣው ወጣት ብዙው ያለው ሳዑዲ ነው። የጅዳና የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ በጋ ክረምት ንቅንቅ አይልም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ "ሥልጡን አገር ሁሉ ያደርገው የለ? እኛስ ለምን አንሞክረውም?" የሚል አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፦ አያስፈልገንም። ነገር ግን "አያስፈልገንም" ብሎ ደረት ነፍቶ መቀመጥም አይበቃም። ምክንያቱም ፈረንጆቹ መልሱን ቢስቱትም ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። ኑሯችን ከፀሐይ ጋር ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ቆቦ ላይ የገበሬው ኑሮ ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ግን አይሄድም። የእኔም ጠብ ከዚህ ጋር ነው።

ውሸቱ ከየት መጣ?

ነገሩን በቁም ነገር መጀመሪያ ካቀረቡት አንዱ ጆርጅ ሃድሰን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ በ1895 ነበር። ሰውየው ከሥራ ሰዓት በኋላ ነፍሳት መሰብሰብ ይወድ ስለነበር ማታ ማታ ብርሃን አነሰው። ቀጥሎ በ1907 ዊሊያም ዊሌት የሚባል እንግሊዛዊ የቤት ሥራ ተቋራጭ፣ ሕዝቡ ፀሐይ ወጥታ ሳለ መተኛቱ አናዶት በራሱ ገንዘብ ጽሑፍ አሳትሞ በተነ። ሁለቱንም የሰማቸው አልነበረም። ሐሳቡ ሕግ የሆነው ጦርነት ሲመጣ ነው። ጀርመን በሚያዝያ 1916 የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ሰዓቷን ወደፊት ገፋች፤ እንግሊዝ በሳምንታት ውስጥ ተከተለቻት፤ አሜሪካ በ1918 ገባችበት።

የሚገርመው፣ አሜሪካ ውስጥ ይህን ነገር አጥብቆ የተቃወመው ገበሬው መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ሰዓት የሚለወጠው ለገበሬ ተብሎ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። የተቆረጠ ድርቆሽ የሌሊቱ ጤዛ ሳይደርቅ አይሰበሰብም። ጤዛ ደግሞ የሚደርቀው በፀሐይ እንጂ በአዋጅ አይደለም። ላሟም ጡቷ የሚሞላው በራሷ ጊዜ ነው። ስለዚህ ቅጥረኛው በአዲሱ ሰዓት መጥቶ በአዲሱ ሰዓት ይሄዳል፤ ሥራው ግን በአሮጌው ሰዓት ይቀራል። ገበሬዎቹ ጮኹ፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም በ1919 የፕሬዚዳንት ዊልሰንን ተቃውሞ ሽሮ ሕጉን አነሳው። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1966 ሌላ ሕግ ወጥቶ እንደገና ሥር ሰደደ።

ዛሬስ? ባለቤቶቹም ሰልችቷቸዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ 4.6 ሚሊዮን ሰው መልስ ሰጠ። 84 በመቶው ይቅርብን አለ። በ2019 የአውሮፓ ፓርላማ እንዲቀር ድምፅ ሰጠ፤ አገሮቹ መስማማት አቅቷቸው እስካሁን እዚያው ናቸው። ሜክሲኮ በ2022 አብዛኛውን አገሯን ገላገለች። ግብፅ በ2023 ትታው የነበረውን መልሳ አመጣች። ሊባኖስ ደግሞ በዚያው ዓመት ጉድ አሳየችን። መንግሥት በረመዳን ምክንያት ለውጡን አዘገየዋለሁ ሲል ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንቀበልም አሉ። አንዲት ትንሽ አገር ለጥቂት ቀናት ሁለት ሰዓት ነበራት። "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ መጠየቅ ሃይማኖትን የመጠየቅ ያህል ሆኖ ነበር። ከዚህ ይሰውረን!

12 ዲግሪ ላይ ያለ ሰው

እኛ ዘንድ ነገሩ ትርጉም የሌለው በስንፍናችን ወይም በኋላ ቀርነታችን አይደለም። መልክዓ ምድር ነው። ለንደን ላይ ረጅሙ ቀን 16 ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ አጭሩ 8 ሰዓት አይሞላም። እንዲህ የሚለጠጥና የሚኮማተር ቀን ያለው ሰው ሰዓቱን ቢነካካ አይፈረድበትም። ቆቦ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ናት። ረጅሙ ቀናችን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ፀሐይ ግንቦት ላይ ከምትወጣበት ሰዓትና ጥር ላይ ከምትወጣበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ታዲያ የትኛውን ብርሃን ልንቆጥብ ነው?

በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር ከመነሻው የፀሐይ ነው። ፀሐይ በወጣች በአንድ ሰዓቷ "1 ሰዓት" እንላለን። የፈረንጅ ቀን ሁሉ ሰው በተኛበት እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል፤ የእኛ ግን ሰው ዓይኑን ሲገልጥ ነው የሚጀምረው። ደብተራዎቻችን የእጅ ሰዓት ሳይኖር ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ጊዜውን ያውቁ ነበር። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾመውም፣ በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ የሚያፈጥረውም ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ሁሉም በየእምነቱ የፀሐይ ተማሪ ነው።

እስቲ አሁን ኩራታችንን ጨርሰን ወደ ጉዳችን እንምጣ።

ከፀሐይ ጋር የሚነሳ ሰዓት አለን። ግን ፀሐይ የሌለች ይመስል የሚሠራ መሥሪያ ቤት አለን። ፈረንጅ ሰዓቱን እየዋሸ ኑሮውን ከፀሐይ ሊያስታርቅ ይደክማል፤ እኛ እውነተኛ ሰዓት ይዘን ኑሯችንን ከፀሐይ እናጣላለን። ማነው ታዲያ የሚሳቅበት?

የደጋ ደወል በቆላ

የመንግሥት ሥራ ሰዓት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት 2:30 ገብቶ 6:30 መውጣት፤ ከሰዓት 7:30 ተመልሶ እስከ 11:30። ዓርብ ጠዋት በ5:30 ያበቃል። ይህ ሰዓት ለአዲስ አበባ ምን ችግር አለው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። ግንቦት ላይ 8 ሰዓት ሲሆን ሹራቡን ያላወለቀ ሠራተኛ ታያላችሁ። ቆቦ ግን በዞብል ተራሮችና በላስታ ደጋ መካከል የተዘረጋ ሜዳ ላይ፣ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ 900 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀያየር በጂኦግራፊ ክፍል ተምረናል። ተማርን እንጂ አልተጠቀምንበትም።

ግንቦትና ሰኔ ቆቦን ያየ ያውቃል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪን አልፎ ይወጣል፤ ከሜዳው የሚነሳው አቧራ ከሙቀቱ ጋር ተባብሮ ፊት ይገርፋል፤ የሆርማት ወንዝ አሸዋ በባዶ እግር አይረገጥም። በዚህ ሰዓት ውሻ እንኳ ጥላ ሥር ይተኛል። በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ መሥሪያ ቤታችን "የከሰዓት ሥራ" የሚጀምረው! ከ7:30 እስከ 9:30 ድረስ በሩ ክፍት ነው፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ባለሙያው ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ነው። እኔ ባለሙያውን አልወቅሰውም። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቀምጠህ ማኅተም ምታ ብሎ ማዘዝ ቅጣት እንጂ ሥራ አይደለም። የምወቅሰው ይህንን እያየ በየዓመቱ ዝም የሚለውን ነው።

ተማሪው ግን ዛፍ ሥር ሄዶ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ኮርኒስ የሌለው ክፍል፣ በአንድ ዴስክ ሦስት አራት ሆኖ፣ 8 ሰዓት ላይ ሒሳብ። እኔም የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነበርኩ (የትምህርት ቤቴ ስም ይቆየን)። ላባችን ደብተሩ ላይ እየተንጠባጠበ የእስክሪብቶው ቀለም ይበላሽ ነበር። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ግማሹ ክፍል አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ያንቀላፋ ይገረፋል። ግርፋቱ ለጊዜው ያነቃል፤ ሙቀቱን ግን አይቀንሰውም። ሰኔ ላይ "የጠዋት ፈረቃ ልጆች የተሻለ ውጤት አመጡ" ይባላል። ጎበዞች ስለሆኑ ይመስላቸዋል!

ይህ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2020 የታተመ፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የአሜሪካ ተማሪዎችን የፈተና ውጤት የመረመረ ጥናት አለ። ከፈተናው በፊት የነበረው ዓመት ሙቀት የበዛበት ሲሆን ተማሪዎቹ የሚያመጡት ውጤት ዝቅ ይላል፤ የአየር ማቀዝቀዣ ባላቸው ትምህርት ቤቶች ግን ጉዳቱ አብዛኛው ይጠፋል። ማቀዝቀዣ ይግዙልን አላልኩም። መብራቱ ራሱ ሲመጣና ሲሄድ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቅንጦት ነው። ጠዋት ግን ነፃ ነው። ጠዋትን የፈጠረው አምላክ ሒሳብ አይጠይቅም።

ከገበሬው ተማሩ

ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ውጪ ያለው ሰው ግን ይህን ከፈታው ስንት ዘመኑ! የራያ ቆቦ ገበሬ በሬውን የሚጠምደው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይፈታል። በሬው ይግጣል፣ ሰውየው ዋርካ ሥር ጋደም ይላል። ሲበርድ ይመለሳል። ማሽላው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ግሪሳ ወፍ የሚጠብቁት በጠዋትና ወደ ማታ ነው፤ ወፉም በቀትር ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ግሪሳ እንኳ የሥራ ሰዓቱን አስተካክሏል!

"ጠዋት 1 ሰዓት ሰው አይነሳም" የሚለኝ ቢኖር ቆቦን አያውቅም። ሱብሂ የሰገደውም፣ ኪዳን ያደረሰውም 12 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ ተከፍቷል፤ ባጃጁ ተነስቷል፤ ወደ ወልድያና ወደ አላማጣ የሚሄደው መኪና እየጮኸ ይጠራል። ተዘግቶ የሚቆየው የመንግሥት በር ብቻ ነው።

ደግሞ ያልተሞከረ ነገር አልጠየቅኩም። ጋምቤላ ክልል በቅርብ ዓመታት ሙቀቱ ሲበረታ የመንግሥት የሥራ ሰዓቱን በይፋ እያሻሻለ ነው። አፋር ላይም በሐሩሩ ወራት ሥራ በማለዳ ይጀመራል። ድሬዳዋማ እኩለ ቀን ላይ ሱቋን ዘግታ ማረፏ የታወቀ ጠባይዋ ነው፤ በዚህ ምክንያት ድሬዳዋ ድሃ ሆነች ያለ አልሰማሁም። ታዲያ የእኛ ቆላ ምን ጎደለው? ጥፋታችን "አማራ ክልል" ሲባል ሁሉም ሰው ደጋ ብቻ የሚታየው መሆኑ ነው እንዴ? ቆቦ፣ ሸዋ ሮቢት፣ መተማ የየት አገር ናቸው?

የምጠይቀው ይህን ነው

ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ፣ ለሦስት ወር ብቻ፦

መሥሪያ ቤት ጠዋት ከ1:00 እስከ 6:00፣ ከሰዓት ከ9:30 እስከ 12:30። ዓርብ ጠዋት በ5:00 ይብቃ፤ ጁምዓ የሚሰግደውም ይመቸዋል። ደምሩት፤ ልክ 39 ሰዓት ነው። አሁን ካለው አንድ ደቂቃ አይጎድልም። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 እንኳ የሥራ ሰዓት በሥራው ሁኔታ እንደሚወሰንና በሳምንት ከ39 ሰዓት እንደማይበልጥ ደንግጎ ነበር። የሥራው ሁኔታ ማለት ሙቀትን አይጨምርም ያለው ማነው?

ትምህርት ቤት አንድ ፈረቃ ከሆነ ከ1:00 እስከ 5:30። ሁለት ፈረቃ ከሆነ ክፍለ ጊዜው ከ40 ወደ 30 ደቂቃ ይውረድና የመጀመሪያው ከ1:00 እስከ 4:00፣ ሁለተኛው ከ4:10 እስከ 7:10 ይሁን። ሁለቱም ፈረቃ ክፉው ሙቀት ሳይመጣ ቤቱ ይገባል። "10 ደቂቃ ተሰረቀ" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋትን ብንጨምርበትም ሁሉም አይካካስም። ግን ልጠይቃችሁ፦ አሁን 8 ሰዓት ላይ ከሚሰጠው 40 ደቂቃ ውስጥ ትምህርቱ ስንት ደቂቃ ነው? ንቁ ሆኖ የተማሩት 30 ደቂቃ አንቀላፍተው ከዋሉበት 40 ይበልጣል።

የሚመጣውን መልስም አውቀዋለሁ።

"ሠራተኛው ለሁለት ጊዜ መቅረት ምክንያት ያደርገዋል።" ዛሬስ ከሰዓት በኋላ የት ነው ያለው? ቢያንስ ጠዋት 5 ሰዓት ሙሉ እናግኘው።

"ከዞብል በኩል ከሌሊት ተነስቶ የሚመጣው ባለጉዳይ ቀትር ላይ ደርሶ በር ዝግ ያገኛል።" ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። መፍትሔው ተረኛ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው እየተፈራረቀ ይቀመጥ። አሁን ባለጉዳዩ 7:30 ላይ ደርሶ እስከ 10 ሰዓት "ይመጣሉ፣ ይጠብቁ" እየተባለ መዋሉን አትርሱ። ዝግ በር ቢያንስ አይዋሽም።

"የዞኑ ሰዓት ከክልሉ፣ የክልሉም ከፌዴራል ይለያያል።" አይለያይም! ሰዓቱማ አንድ ነው። የጠየቅኩት የግድግዳውን ሰዓት እንዲነኩት አይደለም። ወልድያ 3 ሰዓት ሲሆን ቆቦም 3 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ቆቦ ላይ ሥራ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ያለፈው መሆኑ ብቻ ነው። በአማርኛም "ሰዓት ለወጠ" እና "የሥራ ሰዓት ለወጠ" አንድ አይደሉም።

የመጨረሻውና ከባዱ እንዲህ ይላል፦ "አገር በጦርነት ታምሶ፣ ትምህርት ቤት ፈርሶ፣ ስንቱ ልጅ ከትምህርት ውጪ ሆኖ ሳለ አንቺ ስለ ሙቀት ታወሪያለሽ?" አዎ፣ አወራለሁ። ቆቦ በ2013 እና በ2014 የሆነባትን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቅም። ጦርነቱ ሲያልፍባት ደወል ቀርቶ የሚደወልበት ክፍል ያጣ ትምህርት ቤት ነበር። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ የገባበት ግጭትም የስንቱን ልጅ ዓመት በላ። ግን ለዚህ ነው እኮ የምለው! ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ዕድል ያገኘችው ልጅ ያንን ዕድል ያገኘችው በስንት መከራ ነው። ታዲያ የተረፈላትን ሰዓት በሙቀት እናቀልጥባት? ጦርነቱን ለማስቆም የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥልጣን የለው ይሆናል። ደወሉን በ1 ሰዓት ለማስደወል ግን ሰላም ድርድር አያስፈልግም፤ የውጭ እርዳታ አያስፈልግም፤ ጥናታዊ ጽሑፍ፣ አበል፣ የሦስት ቀን ስብሰባ አያስፈልግም። አንድ ደብዳቤና አንድ ፊርማ ይበቃል።

ፊርማው ከባሕር ዳር ይምጣ ከወልድያ ግድ የለኝም። ሚያዝያ ሳይገባ ይምጣ። አለበለዚያ ግንቦት ላይ በ8 ሰዓት ፈራሚዎቹን ቆቦ ድረስ እንጋብዛቸዋለን። ኮርኒስ የሌለው ክፍል፣ የፊተኛው ዴስክ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ። ላባቸውን የሚጠርጉበት መሐረብ ከእኛ ነው፤ አብሽሩ።